ለሽርሽር የሚሄደው ንጹሕ ውሃ

ኬሚስትሪ ተምሬ፣ በሹፌር ቪዛ ሳውዲ፣ ደማም ገብቼ፣ ዛሬ እንጀራዬን የማገኘው ውሃ በመቅዳት ነው። ደሴ ያለችው እናቴ ይህን ለጎረቤት ስታወራ «የውሃ ሐኪም ነው» ትላለች፤ እኔም አላርማትም። ከደማምና ከኾበር የቤት ቧንቧ፣ ከሕንፃ ጣሪያ ታንከር፣ ከፍሳሽ ማጣሪያ ገንዳ እየቀዳሁ ወደ ቤተ ሙከራችን አመጣለሁ። ቤተ ሙከራው ደግሞ ውሃው ውስጥ ሆርሞን መኖር አለመኖሩን ይለካል። ሰው የዋጠው ኪኒን፣ ከብት የተወጋው መርፌ፣ ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጨው ሁሉ መጨረሻው ሽንት ቤት ነው። ከሽንት ቤት ወደ ፍሳሽ፣ ከፍሳሽ ወደ ማጣሪያ፣ ከማጣሪያ ወደ መንገድ ዳር ሣር ይሄዳል። ከተማው ምን እንደሚደብቅ ማወቅ የፈለገ ሰው ጋዜጣ ማገላበጡን ትቶ እኔ የምቀዳበት ጉድጓድ አፍ ላይ ይቁም። አፍንጫውን ግን ይያዝ።

የምንፈልገው ነገር መጠኑ እጅግ ትንሽ ነው። መዋኛ ገንዳ ውስጥ አንድ ቁንጣሪ ጨው ጥሎ፣ ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ቀድቶ፣ ጨው አለው ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ከውሃው ይልቅ የሚያስፈራው ቀጂው ነው። የቀጂው እጅ ላይ ያለው ቅባት፣ አንገቱ ላይ ያለው ሽቶ፣ ጠዋት የዋጠው ኪኒን ጠርሙሱ ውስጥ ገብቶ ውሃውን ያሳጣዋል። ስለዚህ ግድግዳችን ላይ በአረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደንብ ተለጥፏል። በመቅጃ ቀን ሽቶ የለም፤ ክሬም የለም፤ የፀሐይ መከላከያ ቅባት የለም፤ ሆርሞን ያለበት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጠርሙስ አይነካም። ሁላችንም ፈርመንበታል። ኾበር ውስጥ ሽቶ ያልተቀባ ወንድ እንደ በሽተኛ ስለሚታይ፣ አንድ የሕንፃ ዘበኛ ጣሪያ ላይ ልቀዳ በሄድኩ ቁጥር አሽትቶኝ ሲያበቃ «አላህ ይማርህ» ይለኝ ነበር።

ከምይዛቸው ጠርሙሶች አንዱ የተለየ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ፍጹም ንጹሕ በሆነ ውሃ ይሞላል። እሱን ከሌሎቹ ጋር በረዶ ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ ለምሳሌ ኒስፍ አልቀመር ድረስ፣ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ለመዝናናት የሚሄድበት ባሕር ዳር ድረስ እወስደዋለሁ። እዚያ ክዳኑን እከፍትለታለሁ። ሌሎቹን ስቀዳ አየር ይቀበላል። ከዚያ ከድኜ ወደ ደማም እመልሰዋለሁ። በአጭሩ፣ ምንም የሌለበትን ውሃ ለሽርሽር ወስጄ አመጣለሁ። ባልደረቦቼ «ባዶው» ይሉታል። ባዶው ንጹሕ ሄዶ ንጹሕ ከተመለሰ እኛ ንጹሓን ነን። ሆርሞን ይዞ ከተመለሰ ግን ያመጣው ባሕሩም ፍሳሹም አይደለም፤ ከእኛ አንዱ ነው። ብዙ ሰው ውሃ የምንመረምር ይመስለዋል። ባዶው ግን እኛን ነው የሚመረምረው።

ጠርሙስ የምታጥብልን አንዲት የጎንደር ሴት ነበረች፤ አሁንም አለች። በዕድሜ ከታላቅ እህቴ ስለምትበልጥ እትዬ ነው የምላት። ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ወደ እኛ ድርጅት አዛውራ የመጣች ናት። ማዳም ቤት ሳለች ነጭ ነገር ሁሉ በበረኪና፣ ቆሻሻ ሁሉ በሳሙና ነበር የሚለቀው። እኛ ዘንድ ሳሙና ክልክል ነው። ጠርሙሱ በአልኮል ይታጠባል፣ ከዚያ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። አልኮሉ ጓንቷን እያለፈ እጇን አደረቀው፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ሁሉ ተሰነጣጠቀ። በገባችበት ቀን የግድግዳውን ደንብ መስመር በመስመር ወደ አማርኛ የመለስኩላት እኔ ነኝ። «ቫዝሊንም?» አለችኝ። ቫዝሊንም አልኳት። ከዚያ ወዲህ የሳምንቱ ሥራ አልቆ ሐሙስ ስትወጣ ብቻ ተቀብታ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ታጥባ ታቆማለች። እሑድ ጠዋት በደረቀ እጇ ትመጣለች። ያንን ደንብ ከፈረምነው ሰዎች ሁሉ እንደ ደንብ የቆጠረችው እሷ ብቻ ነበረች።

አለቃችን ሙዲሩ ነው። ካፊላችን፣ በስሙ ያስገባን ቀጣሪ፣ የድርጅቱ ባለቤት ነው፤ ግን እሱ ሪያድ የሚኖር፣ ስሙን በኢቃማችን ላይ ብቻ የምናየው ሰው ነው። ስለዚህ ኢቃማ የሚያሳድሰውም፣ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ አስመትቶ ወደ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ የሚሸኘውም ሙዲሩ ነው። ራሱም እንደኛ ከሌላ አገር የመጣ፣ ራሱም ኢቃማ የያዘ ሰው ነው። ስለ ኢቃማ ሲያወራ ግን እሱ የፈለሰፈው ይመስላል። ዶክተር ስለሆነ «ዶክቶር» እንለዋለን፤ ያላለው ሰው ቢኖር ሰላምታ አይመልስም። በዚያ ሰሞን ፂሙን ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ጂም ጀምሮ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ይወጣ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ ስልክ እንደሚያናግር ሰው ቆም ብሎ ይተነፍሳል። በየወሩ አል አዳማ ሰፈር ካለ አንድ ፋርማሲ መድኃኒቱን የማመጣለት እኔ ነኝ። ለትከሻዬ ሕመም ነው ብሎኝ ነበር፤ እኔም አላህ ያሽርዎት ብዬው ነበር።

ይህ ሰው በዚያው ሰሞን በሥራ ላይ አንድ አዲስ ልማድ አመጣ። ባዶውን ጠርሙስ ከቤተ ሙከራ ሳይወጣ ከእሱ በቀር ማንም አይከድነውም። ባዶው የቤተ ሙከራው ክብር ነው ይላል። ጠዋት ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ጠርሙስ ክፍል ይገባል፤ የወንዶቹን የሁላችንንም እጅ እየዞረ ይጨብጣል፤ ከዚያ ክዳኑን አንስቶ ጣቱን በውስጡ ዙሪያውን አሳልፎ፣ ስንጥቅ እንደሌለው አረጋግጦ፣ አጥብቆ ይከድነዋል። ጓንት አያደርግም። ጓንት የሚያደርገው የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው አለን አንድ ቀን። እኛም አባባሉ አስደሰተን፤ ማስደሰት ነበረበትና።

ብዙም ሳይቆይ ባዶው ሆርሞን ይዞ ተመለሰ። በመጀመሪያው ቀን እንዳጋጣሚ ቆጠርነው። በሁለተኛው ሙዲሩ ምድጃውን ወቀሰ። በሦስተኛው ጉድ ፈላ። ኒስፍ አልቀመር ላይ ሻሌዎች፣ የባሕር ዳር መዝናኛ ቤቶች፣ የሚያከራይ ድርጅት ለውሃው የንጽሕና ወረቀት ከእኛ እየጠበቀ ነበር፤ የእኛን ሥራ የሚያይ ተቆጣጣሪም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው የባዶውን ውጤት ነው። ባዶው ከተበላሸ የሚሞላ ቅጽ አለ። ቅጹ ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ «ምክንያት» ይላል፣ ሌላው «የተወሰደ እርምጃ»። ሙዲሩ ቅጹን ይዞ ሰበሰበን። ፊቱን ሳየው ሳጥኖቹ በልቡ ተሞልተው ማለቃቸው ገባኝ።

የሚያስፈልገው ምርመራ ሳይሆን ሰው ነበር። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ፣ ሆርሞን ማለት ሴት ነው፣ እዚህ ጠርሙስ የምትነካ ሴት ደግሞ አንድ ናት አለ። ዶክተር ነው እንግዲህ። እንድንቀበለው ያህል ፋታ ሰጠን። ሌሎቹ ሹፌሮች ራሳቸውን ነቀነቁ። መለኪያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሕንዳዊ፣ የኬረላ ሰው፣ ከሁላችን የበለጠ የሚያውቀው፣ ወለሉን አየ። እኔም ነቀነቅሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሆርሞን ዓይነት በቃሌ ሸምድጄ የተፈተንኩ ሰው፣ አንገቴ እንደ ሌላው ሰው አንገት ወደ ታች ሄዶ ተመለሰ።

እትዬ በሩ አጠገብ ቆማለች። ማተቧን በአንገት ልብሷ ሸፍናለች፤ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ አስገብታለች። ሙዲሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ እርግዝና የሚከላከል ኪኒን ትወስድ እንደሆነ ጠይቃት አለኝ። እሷ አረብኛ አይጠፋትም፤ ያን ሁሉ ዓመት ከማዳም ጋር በምን ቋንቋ ተጨቃጨቀች ታዲያ? ግን እሱ አስተርጓሚ ሲኖር ጥያቄው ሕጋዊ ይመስለዋል። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ወንድ አለ። መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብዬ ላለዝበው አስቤ ነበር፤ ሙዲሩ አፍ አፌን ሲያየኝ እንደ ወረደ አልኩት።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የእርግዝና መከላከያ ትወስጃለሽ ወይ?»

ጥያቄውን በአረብኛ ቀድማ ሰምታው ነበር፤ ያኔ ፊቷ አልተለወጠም። በአማርኛ ስለው ነው የተለወጠው። እኔን ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እኔን አልፋ ለእሱ በዚያ በቤት ሠራተኞች አረብኛ መለሰችለት።

«ያ ዶክቶር፣ ዘውጅ ማፊ፣ ኪኒን ማፊ፣ ኸላስ።»

ባል የለኝ፣ ኪኒን የለኝ፣ አበቃ ማለቷ ነው። ከሹፌሮቹ አንዱ ሳቀ። ሙዲሩ አልሳቀም። እስከ ሐሙስ ከክሊኒክ ወረቀት ታምጣ፣ ካላመጣች ኹሩጅ ይመታላታል አለ። ኢቃማዋ በሚቀጥለው ወር ያልቃል። ጎንደር ያለች ልጇ ነርስነት ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እትዬ ከዚህ አገር የምትፈልገው ያንን አንድ ዓመት ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በገዛ እግሬ እሄዳለሁ ትል ነበር። አሁን ግን ሆርሞን አፍስሳ የተባረረች ተብላ ልትሄድ ነው። ይህንን ለልጇ በምን ቃል ትነግራታለች?

በማግስቱ ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ባሏ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። አይደለሁም አልኩ። ወንድሟ? አይደለሁም። ታዲያ ምኗ ነህ ስትለኝ የድርጅቱ ሹፌር ነኝ አልኩ፤ እትዬ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሐኪሟ ሴት ነበረች። የምን ወረቀት እንደምንፈልግ ስነግራት ደግመህ በለው አለችኝ፤ ደገምኩት። ኪኒን ውጣ አታውቅም የሚል የደም ምርመራ በዓለም ላይ የለም አለችና፣ እንዲህ ያለ ወረቀት የጠየቀውን ሰው ራሱን እንዳመጣላት ነገረችኝ። በባዶ እጅ ላለመሸኘት ያህል የእትዬን ደም ግፊት ለካች። ከፍ ብሏል፤ ተናደሻል እንዴ አለቻት።

ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። እትዬ መስኮቱን እያየች ጠየቀችኝ።

«ተገኘ የሚሉት ነገር ስም የለውም?»

አለው እንጂ፣ ሆርሞን ብዙ ዓይነት ነው፣ እያንዳንዱ ስም አለው አልኳት፤ ትንሽም አስተማሪነት ቃጣኝ።

«ታዲያ የኔ ነው የተባለው የትኛው ነው?»

የሦስቱንም ቀን ውጤት ከማሽን ክፍል ወደ ሙዲሩ ቢሮ በእጄ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሦስቴም ከላይ «አላለፈም» የሚለውን አንብቤ፣ የቀረውን ሳላነብ ወረቀቱን አጥፌዋለሁ። ሙዲሩም እንዲሁ። ሹፌሮቹ አያነቡም። ስሙ ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ኬሚስትሪ ያልተማረችው ናት የጠየቀችው። አላውቅም እትዬ አልኳት። «እንግዲያው እወቅ» አለችና ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

እንደደረስን ወደ ማሽን ክፍል ሮጥኩ። የኬረላው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሩዝ ይበላል። በባዶው ውስጥ የተገኘው የትኛው ሆርሞን ነው አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ፤ እጁን አበሰ፤ በሩን ዘጋ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የሴት የምንላቸው በሙሉ ዜሮ ናቸው። አንድ ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቴስቶስትሮን። ወንዱን ወንድ የሚያደርገው፣ ፂም የሚያበቅለው፣ ድምፅ የሚያጎረንነው። ሦስቱንም ቀን እሱ ነው።

ለምን አልነገርከንም አልኩት። ማንም አልጠየቀኝም አለ፤ ቅጹ የሚጠይቀው አልፏል ወይስ አላለፈም ብቻ ነው። ሁለት ልጆችና አንድ ኢቃማ አለኝ ሲል ጨመረ። ልናደድበት ፈልጌ ነበር፤ የእኔ አንገት ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

እውነቱን ለመናገር፣ የወንድ ሆርሞን መሆኑን ስሰማ ለአንድ አፍታ ደረቴ ነፋ አለ። ባዶውን የምይዘው እኔ አይደለሁም እንዴ! ከእጄ ሞልቶ የፈሰሰ መሰለኝ። ቀስ ብዬ ሳስበው ግን፣ ጤነኛ ወንድ ጠርሙስ በመያዝ ብቻ ይህን ያህል የሚያፈስ ከሆነ፣ የዓለም ወንድ ሁሉ ባዶው ውስጥ ይገኝ ነበር። እንዲህ የሚሆነው የተቀባው ሰው ነው። የተቀባው የሚለውን ቃል በልቤ እንዳልኩ የአል አዳማው ፋርማሲ ትዝ አለኝ።

ረቡዕ ሙዲሩ እንደ ወሩ ልማድ ወደ አል አዳማ ላከኝ። ፋርማሲው መድኃኒቱን እንደ ሁልጊዜው በትንሽ ላስቲክ ሰጠኝ። መኪና ውስጥ ገባሁና፣ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዝኩትን ነገር አነበብኩ። መክፈት አላስፈለገኝም፤ ላስቲኩ ስስ ነው፣ ሳጥኑ ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። የቴስቶስትሮን ቅባት ነው። ጠዋት ጠዋት ትከሻ ላይ ይቀባል። ከተቀቡ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው መጠንቀቅ። ስለ ትከሻው አልዋሸኝም፤ ሕመሙን ነው የጨመረው። ፂም የተቀባውም፣ ደረጃ የተዘለለውም ለምን እንደሆነ ገባኝ። ሳቄ መጣ። ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ እጁን የጨበጥኩባቸው ጠዋቶች ሁሉ መጡብኝ፤ መዳፌን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

መኪናዬን አቁሜ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ድፍረት ፈለግሁ። ሄጄ «ዶክቶር፣ ጥፋቱ የእርስዎ ቅባት ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በአረብኛም በእንግሊዝኛም ሞከርኩት። በሁለቱም መጨረሻው ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ነው። የእኔ ኢቃማ ለመታደስ ገና ብዙ ጊዜ ነበረው፤ ሙዲሩ ከፈለገ ግን ሁሩብ ብሎ፣ ጠፍቷል ብሎ ያመለክትብኛል። ብዙ ቆየሁ። ድፍረቱ አልመጣም፤ ነዳጁ ብቻ ጎደለ። ተመልሼ መድኃኒቱን በሁለት እጄ አቀበልኩት። አላህ ያሽርዎት አልኩት ደግሞ፤ አፌ ለምዶበታል።

የነገርኩት ለእትዬ ነው። ጠርሙስ ክፍል ገብቼ፣ በሹክሹክታ፣ የጀግና ሥራ እንደሠራ ሰው ተነፈስኩት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ጠርሙስ ማጠቧን ሳታቆም «እጁን አይታጠብም?» አለችኝ። ይታጠባል መሰለኝ አልኳት። «አይታጠብም። የታጠበ እጅ እንዲህ አይሆንም» አለችና የራሷን አየች። ከዚያ ለሙዲሩ ማን እንደሚነግረው ጠየቀችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ፤ ከኬረላው ሰው የተማርኩት ነው። እሷም እሺ አለች፤ ማንም አይነግረውም፣ ማሽኑ ይንገረው።

ሐሙስ ጠዋት ሙዲሩ እጅጌውን ሰብስቦ ሲገባ፣ እትዬ ሁለት ቡናማ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አቁማ ጠበቀችው። ወረቀት እንዳላገኘች ነገረችው። ኹሩጅ ከመታህልኝ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ አለችው፤ አንዱን ጠርሙስ አንተ ክደነው፣ ሌላውን እኔ በባዶ እጄ ልክደነው፣ ማሽኑ ይይ። ይህን ሁሉ በዚያ በተሰባበረ አረብኛዋ ስትል አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም፤ ቃሎቹን ሌሊቱን ሙሉ ስትደረድራቸው ያደረች ይመስለኛል። ሙዲሩ ፈገግ አለ። ለፍትሕ የቆመ ሰው መምሰል ደስ ይለዋል፤ ማስረጃው ደግሞ በእጁ እየገባለት ነበር። ሁላችሁም ኑ፣ ተመልከቱ አለ።

እትዬ ጓንቷን አወለቀች። የተሰነጣጠቀ ጣቷን እሱ እንደሚያደርገው በክዳኑ ውስጥ ዙሪያውን አሳለፈችና ከደነች። እሱም የራሱን አነሳ። ሰው እያየው ስለሆነ ከወትሮው አስረዝሞ፣ ጣቱን ሁለት ዙር አሳለፈ። ምን ነበር አንድ ዙር ቢበቃው! የኬረላው ሰው ሁለቱንም ጠርሙስ ጓንት አድርጎ፣ አራስ ልጅ እንደሚያቅፍ አቅፎ ወሰዳቸው።

ማሽኑ ጊዜ ይፈልጋል። ዙህር ሰገድን፣ ምሳ በላን፣ ተመለስን። ሁሉም ሰው ሥራ እንዳለው ሆኖ ማሽን ክፍል ውስጥ ተገኘ። የኬረላው ሰው ስክሪኑን አየ፤ ሙዲሩን አየ፤ ከዚያ እንደ ልጅ አጥርቶ አነበበ።

«የእሷ፣ ምንም። የእርስዎ፣ ቴስቶስትሮን።»

ሐሳብ ሲገጣጠም ድምፅ ቢኖረው ኖሮ፣ በዚያ ክፍል ጆሮ ይደነቁር ነበር። ፂሙን፣ ጂሙን፣ ደረጃውን ሁሉም በየራሱ እየደመረ ነው። ሙዲሩ ማሽኑ መስተካከል አለበት አለ። የኬረላው ሰው ማሽኑ ዛሬ ጠዋት መስተካከሉን፣ የፈረሙትም ዶክቶር ራሳቸው መሆናቸውን በትሕትና አስታወሰው። ለዚያ ዓረፍተ ነገር ስንት ዓመት እንደቆጠበው አላውቅም። እትዬ ወደ ፊት መጣች። ሁለት እጆቿን፣ ስንጥቁ ሁሉ እንዲታይ አድርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ሙዲሩ ቅጹን ከጠረጴዛው አንስቶ አራት ቦታ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«ማፊ ሙሽኪላ» አለ። ችግር የለም ማለቱ ነው፤ ችግሩ ወደ ኪሱ ሲገባ እያየነው።

ይቅርታ ጠይቆ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው አለቃ ኖሮት አያውቅም ማለት ነው። እሑድ ሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኙ ሙዲሩ ነው። ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ ቅባትና ክሬም ናሙና ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት በሥዕል እያስረዳ ሁለት ሰዓት አስተማረን፤ በመጨረሻም ሁላችንንም በድጋሚ አስፈረመን። እትዬም ፈረመች። ቅጹ ላይ በምክንያት ሳጥን ውስጥ «የግል ንጽሕና መጠበቂያ ምርት»፣ በእርምጃ ሳጥን ውስጥ «ለሠራተኞች ሥልጠና ተሰጠ» ተብሎ ተጻፈ። ተቆጣጣሪው መጣ፣ አየ፣ በተለይ ሥልጠናውን አደነቀ። የእትዬ ኢቃማ ታደሰ። ባዶውን የመክደን ሥራም ለእሷ ሆነ፤ እንዲህ ይሁን ብሎ ያወጀ የለም፤ ሙዲሩ ጠርሙስ ክፍል መምጣቱን ነው የተወው። እጅ መጨበጡንም ትቶ ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ይለናል። አድናቂዎቹ ትሕትና ነው ይላሉ።

እኔ ደግሞ ምስጋና ጠበቅሁ። የቅባቱን ሳጥን ያነበብኩ፣ ወሬውን ያደረስኩ እኔ አይደለሁም? አንድ ሐሙስ ትልቅ ቫዝሊን ገዝቼ ጠርሙስ ክፍል ገባሁ። እንኳን ደስ አለሽ እትዬ፣ ሰውየውን አዋረድሽልን አልኳት። ቫዝሊኑን ተቀብላ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነበር የተናገረችው።

«እሱን ተወው። እሱ አያውቀኝም። እንዲህ ያለ ነገር በአረብኛ ስባል የመጀመሪያዬ አይደለም፤ በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። አንተ ግን በአማርኛ ጠየቅኸኝ።»

እኔ አስተረጎምኩ እንጂ እኔ ነኝ እንዴ የጠየቅሁሽ አልኳት። እውነት ነበር፤ ለዚያ ብዬም ስዘጋጅበት የከረምኩት መልስ ነበር። ዞር ብላ አየችኝ።

«ሴት ናት ሲል ራስህን የነቀነቅኸውስ? እሱንም ስታስተረጉም ነው?»

ሙዲሩን ሳማው፣ የኬረላውን ሰው ስታዘበው፣ ሹፌሮቹን ስንቃቸው የከረምኩት ሁሉ እዚያው ክፍል ውስጥ ጥሎኝ ሄደ። አፍሬያለሁ፤ ሌላ ቃል የለውም። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እትዬ አልኳት። ቀጣዩን ጠርሙስ አነሳች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወደ ኾበር ከመነሳቴ በፊት ጠርሙስ ክፍል በር ላይ እቆማለሁ። እትዬ እጅህን ዘርጋ ትለኛለች፤ እዘረጋለሁ። መዳፌን፣ ከዚያም ጀርባውን ታገላብጣለች፤ ጎንበስ ብላ ታሸተዋለች። ከዚያ ባዶውን በራሷ እጅ ከድና ትሰጠኛለች። አውፍ ብያለሁ የሚል ቃል እስከ ዛሬ ከአፏ አልወጣም። እኔም አልጠየቅኋትም። ጠርሙሱን በረዶው ውስጥ አስተካክዬ አስቀምጥና ቀስ ብዬ እነዳለሁ።